ለሚመጣው እጅ የተተወ ብረት

የባቡር ጎማ ከሩቅ ሲያዩት ክብ ብረት ነው። ተንበርክኮ ላየው ግን ሌላ ነገር ይገለጥለታል። ሐዲዱን የሚረግጠው ፊቱ ሜዳ አይደለም፤ ከውስጥ ወደ ውጭ በቀስታ ይወርዳል። በብዙ አገሮች ምድር ባቡር ዘንድ የተለመደው ልክ ከ20 አንድ ነው፦ በ20 ሚሊ ሜትር ስፋት አንድ ሚሊ ሜትር ዝቅ ይላል። ዓይን በቀላሉ አይይዘውም፤ ጣት ግን ይይዘዋል። መዳፍን ከውስጠኛው ጠርዝ፣ ከሐዲዱ ጎን ዝቅ የሚለው ከንፈሩ ከሚነሳበት፣ ወደ ውጭ ሲጎትቱት ብረቱ ከእጅ ስር እየሸሸ መሄዱ ይታወቃል።

ባቡሩን ሐዲድ ላይ የሚያቆየው ከንፈሩ ይመስለናል። ከንፈሩ የመጨረሻው መከላከያ ነው፤ ዋናውን ሥራ የሚሠራው ያ የማይታየው ቁልቁለት ነው። ሲኒ በጎኑ አስተኝተው ቢገፉት ቀጥ ብሎ አይሄድም፤ ወደ ጠባቡ ወገን ይዞራል። የባቡር ጎማም የሚመራው በዚሁ ሕግ ነው። ሁለት ጎማዎች በአንድ ዘንግ ላይ ተጠብቀው ይገጠማሉ፤ አንዱ አንድ ዙር ሲዞር ሌላውም የግድ አንድ ዙር ይዞራል። ባቡሩ መታጠፊያ ሲገባ ጥንዱ ትንሽ ወደ ውጭ ይንሸራተታል። በዚያን ጊዜ የውጪው ጎማ በወፍራም ወገኑ፣ የውስጡ ደግሞ በቀጭን ወገኑ ይረግጣል። ዙሩ እኩል ቢሆንም የውጪው ረዘም ያለውን፣ የውስጡ አጠር ያለውን መንገድ ይሄዳል፤ ዘንጉም መታጠፊያውን ተከትሎ ይዞራል። መሪ የጨበጠ ሰው የለም። ያን ያህል ክብደት የሚያዞረው አንድ የቶርኖ (የብረት መጠረቢያ ማሽን) ባለሙያ ብረቱ ላይ ትቶት የሄደው ቁልቁለት ነው።

ይህን ያየሁት ድሬዳዋ፣ በቀድሞው የኢትዮ-ጅቡቲ ምድር ባቡር ወርክሾፕ ውስጥ ነው። እኔ የአርባ ምንጭ ሰው ነኝ። በእኛ በጋሞ አገር ሐዲድ ተዘርግቶ አያውቅም፤ ከአባያና ከጫሞ በላይ ባለችው ከተማ ያደገ ሰው የባቡርን ፊሽካ በወሬ ነው የሚያውቀው። የእጅ ሥራ ምን እንደሆነ ግን ከልጅነቱ ያውቃል። ከከተማችን 37 ኪሎ ሜትር ሽቅብ ጨንቻ አለች፤ በዚያው መንገድ ላይ ዶርዜ አለ። ቀርከሃ ሰንጥቆ ቤት የሚሸምንና ጥጥ አዳውሮ ጋቢ የሚሠራ ሕዝብ መካከል ያደገ ዓይን የሠለጠነ እጅ ያለፈበትን ነገር ሲያይ ዝም ብሎ አያልፍም።

ድሬዳዋ ራሷ የባቡር ልጅ ናት። ዳግማዊ ምኒልክ ለስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የሐዲድ ሥራውን ፈቃድ የሰጡት በ1886 ዓ.ም. ነው። ሥራው በ1890 ከጅቡቲ ተጀመረ። ሐዲዱ በታኅሣሥ 1895 ከሐረር ተራሮች ግርጌ ደረሰ። ባቡሩን ወደ ሐረር ማውጣት ከባድ ሆኖ በመገኘቱ ግርጌው ላይ አዲስ ከተማ ተቆረቆረ፤ ከተማዋም ድሬዳዋ ሆነች። የመጀመሪያው ኩባንያ በገንዘብ እጦት ወደቀ፣ ሌላ በቦታው ተተካ፤ ባቡሩም አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። መስመሩ 784 ኪሎ ሜትር ይረዝማል፤ በሁለቱ ሐዲዶች መካከል ያለው ስፋት አንድ ሜትር ብቻ ነው። ከባሕር ዳርቻ ተነስቶ፣ በረሃውን አቋርጦ፣ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ይወጣል። እንዲህ ያለ መንገድ ጎማ ይበላል። ሙቀቱ፣ አሸዋው፣ ዳገቱ፣ መታጠፊያው ሁሉ ይበሉታል። ስለዚህ በመስመሩ መካከል፣ ድሬዳዋ ላይ፣ የተበላውን መልሶ የሚያስተካክል ወርክሾፕ ማቋቋም ግድ ነበር።

ወርክሾፑ የሚገኘው ፈረንሳዮች ቀጥ ባሉ ጎዳናዎችና በዛፍ ጥላ ባቀኑት በከዚራ ወገን፣ ከአሮጌው ጣቢያ ጋር ነው። በትውልድ ተራ የተሸጋገረ የሠራተኛ መንደር ነበር፤ አባት ያስገባው ልጅ፣ ልጅ ያስገባው የልጅ ልጅ እዚያው ይሠራ ነበር። ከፈረንሳይ አለቆች ጋር ስለሠሩ አዛውንቶቹ ፈረንሳይኛውን ከሥራው ጋር አብረው ተማሩት። የአዲስ አበባና የድሬዳዋ ጉዞ በ2000 ዓ.ም. አካባቢ ቆመ። በመስከረም 2009 ዓ.ም. በኤሌክትሪክ የሚሠራው አዲሱ የአዲስ አበባ-ጅቡቲ መስመር ሲመረቅ የድሬዳዋ አዲሱ ጣቢያ ከከተማው ወጣ ብሎ ተሠራ። አሮጌው ግቢ ግን ያለ ሰው አልቀረም። ዕድሜያቸውን እዚያ የጨረሱ የምድር ባቡር ሠራተኞች እንግዳ ሲመጣ ይቀበላሉ፣ ቆመው ያሉትን ሎኮሞቲቮችና ፉርጎዎች ያሳያሉ፣ ማሽኖቹን አንድ በአንድ ያስተዋውቃሉ። የተቀጠሩት ባቡር ለመጠገን እንጂ ለማስጎብኘት አልነበረም። ይህን የሚያደርጉት የያዙት እውቀት ከእነርሱ ጋር እንዲቀበር ስለማይፈልጉ ነው።

ከእነዚህ አዛውንቶች አንዱ ወደ ጎማዎቹ ወሰዱኝ። ከዘንጋቸው ጋር ከባቡሩ ስር ወጥተው በአጭር ሐዲድ ላይ የቆሙ ጎማዎች ናቸው። አዛውንቱ ትንሽ መዶሻ አንስተው አንዱን መቱት። ጎማው ጮኸ፤ ድምፁም ወዲያው አልቆመም፣ ረዘም ብሎ ቆየ።

«ሰማኸው ልጄ?» አሉኝ። «ይሄ ደህና ነው። ውስጡ የተሰነጠቀ ቢሆን ኖሮ እንዲህ አይዘፍንልህም፤ ድፍን ይልብሃል።»

«ጋሼ፣ በጆሮ ብቻ ነው የሚለዩት?»

«ሌሊት ባቡሩ ጣቢያ ሲቆም በምን ታየዋለህ? በጆሮ ነዋ!»

ይህ በዓለም ዙሪያ የምድር ባቡር ሠራተኞች ሲሠሩበት የኖሩት ፍተሻ ነው። የብረት ጎማ ስንጥቅ ከሌለበት ሲመታ መላ አካሉ አብሮ ይርገበገባል፤ ስለዚህ ድምፁ ጥርት ብሎ ይቆያል። ስንጥቅ ካለ የተሰነጠቁት ፊቶች እርስ በርስ እየተሻሹ ድምፁን ይገድሉታል። የሚያስፈልገው መሣሪያ መዶሻና የሠለጠነ ጆሮ ነው። ጆሮው እንዲህ እንዲሠለጥን ደግሞ ደህናውን ጎማ ደጋግሞ መስማት አለበት፤ ደህናውን በልቡ ያልያዘ ሰው የታመመውን አያውቀውም።

ከዚያ ወደ ቶርኖው መጣን። የባቡር ጎማ የሚታረምበት ቶርኖ ከተራ የብረት መጠረቢያ ይለያል፤ ጥንዱን ጎማ ከነዘንጉ አንድ ላይ ይቀበላል። ዘንጉ ከሁለት ጫፍ ይያዛል፣ ሁለቱም ጎማዎች በዝግታ ይዞራሉ፣ በየጎማው ፊት ለፊት አንድ አንድ መቁረጫ ይቆማል። ይህ የሆነበት ምክንያት አለ። የሁለቱ ጎማ ዲያሜትር እኩል ካልሆነ ያ ራሱን የሚመራው ጥንድ ቀጥ ባለ መንገድ ላይም ወደ አንድ ወገን ማዘንበል ይጀምራል። የሚፈቀደው ልዩነት ከአንድ ሚሊ ሜትር ያንሳል። ጎማው የሰው ወገብ የሚደርስ ብረት ነው፤ ልኩ ግን የወረቀት ውፍረት የሚቆጠርበት ልክ ነው።

ጎማ ሲሠራ እንዴት እንደሚበላ ማየት ደግሞ ራሱን የቻለ ትምህርት ነው። ፊቱ መሐል መሐሉ ይጎደጉዳል፤ ያ ቀስ ብሎ የሚወርደው ቁልቁለት ጠፍቶ ሸለቆ ይሆናል። ከንፈሩ መታጠፊያ ላይ ከሐዲዱ ጎን ጋር እየተፋተገ ይሳሳል። እንዲህ ያለ ጎማ ከሐዲድ ሐዲድ መወዛወዝ ይጀምራል፤ መንገደኛው ፉርጎው ሲንቀጠቀጥ ይሰማዋል። ያን ጊዜ ጥንዱ ወደ ቶርኖ ይገባል። ባለሙያው ከንፈሩን መልሶ ለመሙላት ብረት አይጨምርም፤ ከፊቱ ይቀንሳል። መላውን ፊት ዝቅ አድርጎ ሲጠርበው ከንፈሩ በአንጻሩ እንደገና ወፍሮና ከፍ ብሎ ይወጣል፣ ቁልቁለቱም እንደገና ይታያል። ጎማው ቅርጹን ያገኘው ከራሱ ሥጋ ከፍሎ ነው። በየጊዜው ቶርኖ ሲገባ ትንሽ ያንሳል፤ ትንሽ አንሶ ግን ልክ እንደ አዲስ ይሄዳል።

የባለሙያው ጥበብ የሚለካው እዚህ ላይ ነው። ብዙ ቢቆርጥ ቅርጹ ያለ ጥርጥር ይስተካከላል፤ የጎማው ዕድሜ ግን ያጥራል። ጥቂት ቢቆርጥ የተጎዳው ብረት ስር ሳይወጣ ይቀርና ጎማው ቶሎ ይመለሳል። ጎማ ፍሬን ተይዞ ሐዲድ ላይ ሲንሸራተት ፊቱ በሙቀት ይጠነክራል፤ እንዲህ ያለውን ጠጣር ቦታ መቁረጫው ሲያገኘው ይዘላል ወይም ይሰበራል። ስለዚህ ባለሙያው ከዚያ ቦታ በታች ገብቶ፣ ከስር አንስቶ መቁረጥ አለበት። ምን ያህል እንደሚገባ የሚነግረው የፍቅፋቂው ቀለም፣ የመቁረጫው ድምፅና እጀታውን በያዘው መዳፍ ላይ የሚሰማው መንቀጥቀጥ ነው። ጥሩ ሠራተኛ የሚባለው ጎማውን አስተካክሎ ለሚቀጥለው ቶርኖ የሚበቃ ብረት የሚያስቀር ነው። የዛሬውን ሥራ ሲሠራ ከዓመታት በኋላ በዚያው ቦታ የሚቆመውን ሰው ያስባል።

አሮጌዎቹ ጎማዎች በሁለት ክፍል የተሠሩ ናቸው፤ መሐሉ አንድ ነው፣ ሐዲድ የሚረግጠው ደግሞ በላዩ የተጠለቀ የብረት ቀለበት ነው። ቀለበቱ ደጋግሞ ቶርኖ ገብቶ የመጨረሻው ልክ ላይ ሲደርስ መሐሉ አይጣልም፤ አሮጌው ቀለበት ወጥቶ አዲስ ይጠለቃል። አጠላለቁ ለማየት የሚያጓጓ ሥራ ነው። የአዲሱ ቀለበት ውስጠኛ ስፋት ከሚገባበት መሐል በሺህ አንድ ያህል እንዲያንስ ተደርጎ ይጠረባል። ስፋቱ 900 ሚሊ ሜትር ቢሆን አንድ ሚሊ ሜትር እንኳ የማይሞላ ልዩነት ማለት ነው። ቀዝቃዛ ሳለ አይገባም። ዙሪያውን በእሳት ሲሞቅ ይሰፋል፤ የጎማው መሐል ከላይ ወደ ውስጡ ይወርዳል። ሲቀዘቅዝ ይሰበሰብና መሐሉን ጨምድዶ ይይዛል። ያ ሁሉ ፉርጎና ጭነት የሚሸከመው ይህ ጭምደዳ ነው። ልኩ ቢላላ ቀለበቱ መንገድ ላይ ይዞራል፤ ቢጠብቅ ሲቀዘቅዝ ይሰነጠቃል። ከሁለቱ ጥፋት መካከል ያለችውን ቀጭን መንገድ ያገኘ ሰው ሥራውን አውቆታል።

የድሬዳዋ ሠራተኞች ይህን ሁሉ የሠሩት መለዋወጫ በቀላሉ በማይገኝበት ዘመን ጭምር ነው። በ1969 ዓ.ም. የሶማሊያ ጦር ወረራ ባደረገ ጊዜ መስመሩ ተቆርጦ ድልድዮችም ፈርሰው ነበር። ከዚያም በኋላ ሎኮሞቲቮቹ እያረጁ፣ የሠሯቸውም ፋብሪካዎች ያንን ዓይነት መሥራት እየተዉ ሄዱ። ስለዚህ የጠፋውን ዕቃ እዚያው መሥራት ግድ ሆነ። ቡሎኑን፣ ዳዶውን፣ የፍሬኑን ክፍል፣ ኩሽኔታውን አሮጌውን አይተው፣ ለክተው፣ ቀርጸው ይሠሩታል። የኩሽኔታ ሥራ ብቻውን የሚደነቅ ነው። በአሮጌው አሠራር ዘንጉ የሚያርፍበት ቦታ ቆርቆሮና አንቲሞኒ የበዛበት ለስላሳ ነጭ ብረት ቀልጦ ይፈስበታል። ከዚያ ዘንጉ ላይ ስስ ቀለም ይቀባና በቦታው ገብቶ ይዞራል። ቀለሙ ነጩ ብረት ላይ የሚነካው ከፍ ያለውን ነጥብ ብቻ ነው፤ ባለሙያው ያንን ነጥብ ብቻ በመፋቂያ ይልጠዋል። እንደገና ይቀባል፣ እንደገና ያዞራል፣ እንደገና ይፍቃል። ነጥቦቹ በዝተው ፊቱን ሁሉ እኩል እስኪሸፍኑ ድረስ ይደጋግመዋል። ሲያልቅ ከላይ የሚታይ ውበት የለውም፤ ዘንጉ ግን ዘይቱ ላይ ተንሳፎ ያለ ሙቀት ይዞራል።

ድሬዳዋ ላይ ቆሜ ያን ከራሱ ሥጋ እየቀነሰ ዕድሜውን የሚያራዝም ጎማ ሳይ ሐሳቤ ወደ ዶርዜ ሄደ። የዶርዜ ቤት ሲሠራ ቁመቱ እስከ 12 ሜትር ይደርሳል። ምሰሶ በመሐሉ አያስፈልገውም፤ ግድግዳውና ጣሪያው አንድ ነው፣ የተሸመነ ቀርከሃ። ቀርከሃው ይሰነጠቃል፤ ቀጥ ብለው የሚቆሙት መሬት ይገባሉ፤ ሌላው በመካከላቸው አንድ ከውስጥ አንድ ከውጭ እያለ እየዞረ ይጠለፋል። ወደ ላይ ሲወጣ እየጠበበ ይሄዳል፤ ሸማኙም ከፍ እያለ በራሱ ሥራ ላይ ቆሞ ይሠራል። በላዩ የቀርከሃው ግንድ የሚለብሰው ደረቅ ሽፋንና የእንሰት ቅጠል ድርብርብ ሆኖ ይለበጥበታል። በፊት ለፊት ወጣ ያለ መግቢያ አለው፤ ከላዩ ጭስ የሚወጣባቸው ሁለት ቀዳዳዎች ስላሉት የዝሆን ፊት ይመስላል። ውስጡ ምድጃ አለ። ጭሱ ወደ ላይ እየወጣ ቀርከሃውን ያጠቁረዋል፣ ከነቀዝም ይጠብቀዋል። እሳት የሚነድበት ቤት ይቆያል።

ከታች ግን ምስጥ አለ። ቀርከሃው መሬት የገባበትን ምስጥ ይበላል፤ ሲበላው ቤቱ ይወርዳል። ዶርዜዎች ይህን እንደ ሽንፈት አይቆጥሩትም። ቤቱን መጀመሪያ ሲሠሩት ረዥም አድርገው የሚሠሩት እየወረደ እንደሚሄድ ስለሚያውቁ ነው። የተበላው ተቆርጦ ይጣላል፤ ቤቱ ትንሽ አጥሮ ይቀጥላል። ቦታው ካልተመቸ ደግሞ ሰው በደቦ ተጠርቶ፣ እንጨት ተሰክቶበት፣ ቤቱ ተነስቶ በትከሻ ወደ ሌላ ቦታ ይሄዳል። እንዲህ እየሆነ 60 ዓመትና ከዚያም በላይ ይኖራል። በአንድ ግቢ ውስጥ ረዥምና አጭር ቤት አጠገብ ለአጠገብ ሲታይ ረዥሙ አዲስ፣ አጭሩ አሮጌ መሆኑን ዶርዜ ያደገ ልጅ ሳይጠይቅ ያውቃል። ቁመቱ የዕድሜው መዝገብ ነው።

እነዚህን ሁለት ሥራዎች ጎን ለጎን ሳስቀምጣቸው አንድ ነገር ያገናኛቸዋል። የድሬዳዋው ሐዲድ ያረፈው በእንጨት ሳይሆን በብረት ትራቨርስ (ሐዲዱን በሚሸከም አግዳሚ) ላይ ነው፤ በሞቃት አገር ብረቱ የሚመረጥበት አንዱ ምክንያት ምስጥ እንጨቱን ስለሚበላ ነው። ምስጥ የማይደፍረው ብረት ተመርጦም መበላት አልቀረም፤ ሐዲዱም ጎማውም በየቀኑ እርስ በርስ ይፋተጋሉ። ጋሞው በቀርከሃ፣ የምድር ባቡሩ ሠራተኛ በብረት ቢሠሩም የገጠማቸው ጥያቄ አንድ ነው፦ የሚበላን ነገር እንዴት አድርገን እናኑረው? ያገኙት መልስም አንድ ነው። ሲሠሩት ለመበላቱ ቦታ ይተዉለታል። ጎማው ቶርኖ ደጋግሞ እንዲገባ ወፍራም ሆኖ ይወለዳል፤ ቤቱ ደጋግሞ እንዲቆረጥ ረዥም ሆኖ ይሸመናል። ለእኔ ከፍተኛው ሙያ ይህ ነው። ምንም የማይነካው ዕቃ መሥራት የሚችል የለም። ጊዜ እንደሚነካው አውቆ ለጊዜ ድርሻውን፣ ለሚቀጥለው ሠራተኛ ደግሞ የሚሠራበትን የሚተው እጅ ግን አለ።

ጋሞና ባቡሩ በሌላም ክር ይገናኛሉ። ከጨንቻ ደጋ ተነስተው አዲስ አበባ፣ ሽሮ ሜዳና አካባቢው የሰፈሩት ሸማኔዎቻችን የከተማውን ጋቢና ነጠላ ሠርተዋል። ሴቶቻችን በእንዝርት የፈተሉት ማግ ይሆናል፤ ድሩ ግን በፋብሪካ የተፈተለ ክር እየሆነ መጣ። ከባሕር ማዶ ለሚመጣው ጨርቅና ክር ለብዙ ዓመታት ዋናው በር የጅቡቲው ባቡር ነበር። የድሬዳዋው ባለሙያ በቶርኖ ያስተካከለው ጎማ የተሸከመው ክር በሸማኔዎቻችን ጣቶች መካከል አልፏል። ሁለቱ ተያይተው አያውቁም፤ አንዱ ሥራውን በደንብ ባይሠራ ኖሮ ግን ሌላው ሥራ ይፈታ ነበር።

በዶርዜና በድሬዳዋ መካከል ያለው ልዩነት ግን ያሳስበኛል። ዶርዜ ላይ ቤቱ ሲያልቅ ሌላ የሚሸምን ሰው አለ። እንግዳ ወደ መንደሩ ሲሄድ የአገሩ ልጆች ራሳቸው ቤቱን ያሳዩታል፣ እንሰት ሲፋቅና ቆጮ ሲጋገር ያያል፣ መወርወሪያው ከእጅ እጅ ሲበር ያያል። የሚታየው ነገር አሁንም የሚኖሩበት ነገር ነው፤ አሮጌ ቤት ቢፈርስ እውቀቱ አብሮ አይፈርስም። ድሬዳዋ ላይ የተገላቢጦሽ ነው። ብረቱ አለ፤ ቶርኖው አለ፤ ሎኮሞቲቩ ቆሟል። የሚያረጀው እጁ ነው። ፍቅፋቂውን አይቶ ጥልቀቱን የሚያውቅ፣ ድምፅ ሰምቶ ስንጥቅ የሚለይ ሰው ከሄደ በኋላ ማሽኑን ማንም ቀለም ቀብቶ ሊያቆመው ይችላል፤ ለምን እንዲያ እንደተሠራ ግን የሚነግረን አይኖርም።

በዓለም ላይ በፈቃደኞች ቆመው ያሉት የባቡርና የትራም ሙዚየሞች ይህን ቀድመው ተረድተውታል። በ1939 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ሜይን ግዛት ጥቂት ወጣቶች ሊወገድ የነበረ አንድ የከተማ ትራም ገዝተው ጀመሩ፤ ዛሬ ሲሾር የሚባለው ትልቅ የትራም ሙዚየም የተወለደው ከዚያ ነው። በ1951 እ.ኤ.አ. በዌልስ ታሊሊን የተባለውን ትንሽ ምድር ባቡር በጎ ፈቃደኞች ተረክበው መንዳት ጀመሩ። የእነዚህ ቦታዎች ጉልበት የሰበሰቡት ፉርጎ ብዛት ብቻ አይደለም፤ በወርክሾፓቸው ውስጥ ሽማግሌና ወጣት ጎን ለጎን ቆመው አንዱ ሲሠራ ሌላው መማሩ ነው።

ከሁሉ የሚቀርበን ምሳሌ አስመራ ነው። የምጽዋ-አስመራ መስመር አስመራ የገባው በ1911 እ.ኤ.አ. ነበር። በኤርትራ የነፃነት ጦርነት ዘመን ፈርሶ ሐዲዱ ሳይቀር ለምሽግ ሥራ ተወሰደ። ከጦርነቱ በኋላ መስመሩን መልሰው ያነሱት ጡረታ ወጥተው የነበሩ የምድር ባቡር ሠራተኞች ናቸው። ሐዲዱን ሰብስበው ዘረጉት፣ የእንፋሎት ሎኮሞቲቮቹን ፈትተው ገጠሙ፤ 118 ኪሎ ሜትር የተራራ መንገድ እንደገና ባቡር ሄደበት። ያ ሊሆን የቻለው ሥራውን የሚያውቁት ሰዎች በሕይወት ስለነበሩ ነው። ሃያ ዓመት ዘግይቶ ቢሆን ኖሮ ብረቱ እዚያው ተበትኖ ይቀር ነበር።

ስለዚህ ድሬዳዋ ላይ የባቡር ሙዚየም ስለማቋቋም ሲታሰብ መጀመሪያ መጻፍ ያለበት የሎኮሞቲቮች ዝርዝር ሳይሆን የሙያዎች ዝርዝር ይመስለኛል። ጎማ የሚያስተካክለው ማን ነው? ነጭ ብረት የሚያፈሰው፣ ኩሽኔታ የሚፍቀው፣ ቀለበት አሙቆ የሚያጠልቀው ማን ነው? ለእያንዳንዱ ስም አጠገብ የአንድ ወጣት ስም ይጻፍ። በአገራችን የቴክኒክና ሙያ ትምህርት ቤቶች አሉ። በ1979 ዓ.ም. የውሃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ሆኖ የተጀመረው የእኛው አርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ መሐንዲሶች ያስተምራል። የሜካኒካል ተማሪ በክፍል ውስጥ የሚማረውን የሙቀት መስፋትና መኮማተር ድሬዳዋ ሄዶ አንድ ቀለበት ሲጠለቅ ቢያይ ዕድሜ ልኩን አይረሳውም። የሚሄደው ግን ለማየት ብቻ አይሁን፤ ለመሥራት ይሁን። ከዚያም ተመልሶ ዶርዜ ይውጣ፣ ቀርከሃ የሚሰነጥቀውን ሰው አጠገቡ ቁጭ ብሎ ይይ፤ ሁለቱም የአንድ ትምህርት መምህራን ናቸውና።

የድሬዳዋ አዛውንቶች ለእኔ መዶሻ አንስተው ጎማ መትተው አስተማሩኝ። የእነርሱ ድርሻ ተፈጽሟል፤ በሩን ከፍተዋል፣ ያላቸውን አሳይተዋል። የቀረው የእኛ ድርሻ ነው። አንድ ጥንድ ጎማ ወደ ቶርኖው ይግባ፣ አንድ አዛውንት ከአጠገቡ ይቁሙ፣ እጀታውን ግን ወጣቱ ይያዝ። ያ ቀን ሲመጣ ድሬዳዋ ሙዚየም ይኖራታል።